የፊታውራሪው ተሸናፊ

«እናትህ ስም ሲያወጡልህ አንዲት ፊደል ረሱ» እያሉ የሰፈሩ ሰዎች እንደሻውን ይተርቡት ነበር። «እንደሻቸው ነበር መባል ያለብህ።» እንደሻውም አብሯቸው ይስቃል። ተረቡ እውነት ነበረበት፤ ምን ያህል እውነት እንደሆነ ግን ተራቢዎቹም አያውቁም። ይህ ሰው እንጀራውን የሚበላው በመሸነፍ ነበር።

አባቱ ሐረር በተያዘችበት ዘመን ከሸዋ ጦር ጋር የመጡ ወታደር ነበሩ። እንደሻው የጀጎልን ግንብ መጀመሪያ ያየው በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነው። ከፍ እንዳለ በቅሎ ቀኝ እግሩን ረገጠችውና አንካሳ ሆኖ ቀረ። ለጠብመንጃ የማይሆን ልጅ ምን ይሁን ሲባል አባቱ ሰንጠረዥ አስተማሩት። «እግርህ ባይዘምት ጣትህ ይዝመት» ብለውት ነበር። ጣቱም ዘመተ። ገና ጢሙ ሳይጠቁር በወታደሩ ሰፈር የሚያሸንፈው ሰው ጠፋ። አባቱ ሲሞቱ አለቃቸው የነበሩት ፊታውራሪ ወልደ ጊዮርጊስ ልጁን ሜዳ ላይ አልጣሉትም። ጀጎል ውስጥ ባለው ግቢያቸው በር አጠገብ አንዲት ክፍል ሰጡትና በረኛ አደረጉት። በዚያች ክፍል በለጡን አገባ፤ በዚያች ክፍል ልጆች ወለደ።

ሽንፈቱ የጀመረው በኅዳር በሽታ ዓመት ነው። በሽታው የፊታውራሪን አንድ ልጃቸውን ወሰደው። ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ሰውየው ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም፤ አይበሉም፣ አይናገሩም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረኛውን አስጠሩና ሰንጠረዡን አስነጠፉ። ቀይ ጨርቅ ነበር፤ ሰማያዊ ጥለት ተሰፍቶበት በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስና ከቀንድ የተቀረጹ ናቸው። ተጫወቱ። እንደሻው ሊያሸንፍ ሲል ቀና አለ፤ የፊታውራሪ እጅ ፈረሷን እንደያዘ የት እንደሚያኖራት ሲያጣ አየ። ያ እጅ ጦር ያዘዘ እጅ ነው። እንደሻው ምን እንደነካው አያውቅም፤ ጠጠሩን ማስቀመጥ ከሚገባው ቦታ አጠገብ አስቀመጠ። ፊታውራሪ አሸነፉ። ቀና ብለው አዩትና ምሳቸውን አስመጡ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያ ጉርሻቸው ነበር። በማግስቱ እንደገና አስጠሩት፤ እንደገና ተሸነፈላቸው። ከዚያ ወዲያ መመለሻው ጠፋ።

መሸነፍ ቀላል ሥራ የሚመስለው ሰው ይኖራል። አይደለም። እንደሻው ሊያሸንፍ ለጥቂት የቀረው መምሰል አለበት። ጌታው ደግሞ እንዲያው በማንኛውም ጠጠር ቢያሸንፉ ክብር የለውም። ደር በሚባለው በትልቁ ጠጠር ወይም በፈረስ ንጉሥን መግደል ያን ጊዜ እንደ ባላገር ሥራ ይቆጠራል፤ የሚያስመሰግነው ፊል በሚሉት ዝሆን ወይም መደቅ በሚሏት ተራ እግረኛ ሲሆን ነው። ስለዚህ እንደሻው የራሱን ንጉሥ እየጎተተ እየጎተተ፣ ማንም ሳያውቅበት፣ የጌታው ዝሆን እስከቆመበት ድረስ ያመጣዋል። ይህን ለማድረግ ለሁለት ሰው ማሰብ ያስፈልጋል። ማሸነፍ ከዚህ ይቀል ነበር።

ከሁሉ በላይ የተጠበበው ግን በወረራው ነው። የዚያ ዘመን ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ እንዳሻው ጠጠሩን ያሰልፋል፤ እጆች እንደ ጉንዳን መንገድ ይተላለፋሉ። ወረራ ይሉታል። ወረራው የሚያበቃው አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው፤ ተራ በተራ መጫወት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፊታውራሪ ጦራቸውን ቀስ ብለው፣ እንደ ሠርግ ሚዜ እያሳመሩ ማሰለፍ ይወዱ ነበር። እንደሻው የራሱን ቶሎ ይጨርስና አንዲት መደቅ ወዲያ ወዲህ እያደረገ ይጠብቃቸዋል። እሳቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው ጀርባቸውን ቀና ሲያደርጉ፣ ጨርሰዋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ አንዲት መደቅ አፋቸው ሥር ያስቀምጥላቸዋል። የመጀመሪያዋ ግዳይ ምንጊዜም የፊታውራሪ ነበረች።

በዓል ሲመጣ ጋቢ ይሸለማል፤ ከሚታረደው በሬ ለእሱ ቤት የማይደርስ የለም። በለጡ ታውቅ ነበር። «የሌላው ሚስት ባሏ ድል ሲያደርግ ትጠግባለች፤ እኔን የሚያጠግበኝ ያንተ መመታት ነው» ትለዋለች፣ ሥጋውን እየዘለዘለች። አንዳንዴ እየሳቀች ነው፤ አንዳንዴ አይደለም።

ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ፤ ከጀጎል በሮች በአንዱ፣ በፈላና በር አካባቢ ሱቅ ያላቸው መጽሐፍ ጠራዥ፣ አው ዐብዱልወሃብ። አው ማለት በሐረሮች ቋንቋ የታላቅ ሰው የአክብሮት መጠሪያ ነው። ቁርኣን ይጠርዛሉ፤ ሱቃቸው ሙጫና ቆዳ ይሸታል። ከቀትር በኋላ ጓደኞቻቸው ጫታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሰንጠረዥም ይነጠፋል። «እኔ ጠራዥ፣ እሱ ሰንጠረዥ፤ ስማችን እንኳ ዘመድ ነው» እያሉ እንደሻውን ለእንግዳ ያስተዋውቁት ነበር። ፊታውራሪ በሚያሸልቡበት ሰዓት እንደሻው ወደዚያ ያነክሳል። እዚያ ማንንም አይጠብቅም። እዚያ ይገድላል፤ ይገደላልም። ሲሸነፍ ፊቱ ይጠቁራል፣ ሲያሸንፍ ከንፈሩን ይነክሳል። ሰው በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቢያየው፣ የፊታውራሪ በረኛ ነው ቢሉት አያምንም ነበር።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ፤ ፊታውራሪም አረጁ። በሐረር ውስጥ የሚስተካከላቸው የሰንጠረዥ አዋቂ እንደሌለ ራሳቸው አመኑ፤ ቤተሰቡም አመነ። እንደሻውን ያህል ተጫዋች ዕለት ዕለት የሚጥል ሰው ሌላ ምን ይባላል?

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ አባይነህ የሚባል ወጣት መምህር አንድ ነገር አሰበ። ግብፅ ተምሮ የመጣ፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ሰው ነው። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ብዙ በማይርቅ የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሰንጠረዥ ውድድር ይደረግ አለ። ተማሪ ይምጣ፣ ወታደር ይምጣ፣ ነጋዴ ይምጣ፤ ትናንት የጀመረም ሆነ ሲጫወት ያረጀ፣ ሁሉም ይሰለፍ። ከድሬዳዋ፣ ከጅጅጋ፣ ከጨርጨር ተጫዋቾች እንዲመጡ ተላከ። ከተማው ሁሉ ስለ ፈረስና ስለ ዝሆን ማውራት ጀመረ፤ በየሱቁ ደጅ ጠጠር የሚያነሣ ሰው በዛ።

ፊታውራሪ እንደሰሙ መምህሩን አስጠሩት። አባይነህ ወረራው ቢቀርና እንደ ፈረንጁ ከመጀመሪያው ተራ በተራ ቢሆን እንደሚሻል፣ ለተማሪዎቹም እንደሚቀል አስረዳ። ፊታውራሪ አልሰሙትም። ያለ ወረራ ሰንጠረዥ ያለ ፉከራ ዘመቻ ነው አሉት፤ ወረራው ካልኖረ ግን እኔ አልሰለፍም ብለው ጨመሩ። መምህሩ ሰውየው ራሳቸው ሊጫወቱ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው፤ ደስ ብሎት እጅ ነሣ። በሩ ሥር የቆመው እንደሻውም ሁሉንም ሰማ።

በዚያው ቀን ሊያስቀራቸው ሞከረ። ጌታዬ ከቆዳ ፋቂና ከጨርቅ ሻጭ ጋር ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ለማዕርግዎ አይመጥንም አላቸው። ፊታውራሪ ሳቁበት። «አንተን ከጣልኩ ማን ይቀረኛል?» አሉት፤ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

እንደሻው ለበለጡ ሲነግራት እሷ የማጀቱን በር ዘጋች። የመጀመሪያው ተማሪ እንኳ እንደሚጥላቸው ሁለቱም ያውቁታል። ከተማው ፊት ይወድቃሉ፤ ወድቀው ሲነሡ ደግሞ ወደ ማን እንደሚያዩ የታወቀ ነው። ከዚያ ይህች ክፍል የማን ትሆናለች?

በማግስቱ ወደ ፈላና ወረደና አው ዐብዱልወሃብን ለመናቸው። ዕጣው ከፊታውራሪ ጋር ካገናኘዎት ይሸነፉላቸው አላቸው።

አው ዐብዱልወሃብ የሚወጉበትን ወስፌ አስቀመጡ። «ወላሂ አንተን እወድሃለሁ» አሉት። «ግን አንተ የምትለምነኝ ጨዋታ አይደለም፤ የሐሰት ምስክርነት ነው። እሺ እኔ ልመስክር። ቀጥሎ የሚመጣውስ? ከጅጅጋ የሚመጣውን ወታደር ማን ይለምንልሃል?»

እንደሻው ወስፌውን አንሥቶ አቀበላቸው።

«ንገራቸው» አሉት ሽማግሌው። «በአፍህ ካቃተህ በእጅህ ንገራቸው። አንድ ቀን አሸንፋቸው፤ ራሳቸው ይጠረጥራሉ።»

ይህ ምክር ልቡ ገባ። ከሰዓት በኋላ ፊታውራሪ ሰንጠረዡን ሲያስነጥፉ፣ ዛሬ እገድላለሁ ብሎ ተቀመጠ። ወረራውን እንደልማዱ ጠበቀላቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን እጁን ለቀቀው። አንድ ፈረስ በላ፣ አንድ ደር በላ። የጌታው ንጉሥ ጥግ ገባ፤ መውጫ አልነበረውም። እንደሻው ቀና አለ። ፊታውራሪ ጨርቁን አጎንብሰው ያያሉ፤ ከንፈራቸው እንደ ሕፃን ተንጠልጥሏል። «ውድድሩ ሳይደርስ ደከምኩ መሰለኝ» አሉ፤ የሚናገሩት ለእሱ አልነበረም። እንደሻው ጣቶቹን አየ። ጣቶቹ ወዴት እንደሚሄዱ ከእሱ ቀድመው ያውቁ ነበር። ፈረሱን አንሥቶ በማይረባ ቦታ አኖረው፤ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ፊታውራሪ በዝሆን አሸነፉ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ያማረ ሽንፈት ተሸንፎ አያውቅም።

የውድድሩ ቀን ሰማዩ ጠራ፤ ከከተማው በላይ ያለው ሐኪም የሚባለው ተራራ በእጅ የሚነካ መሰለ። በግቢው ውስጥ ምንጣፍ በምንጣፍ ሆኗል። በአንድ ወገን ተማሪዎቹ እየተጯጯሁ በፈረንጁ ሥርዓት ይጫወታሉ፤ በዛፉ ጥላ ሥር ታላላቆቹ በወረራ። ተመልካች ዝም ብሎ አያይም፤ «ፈረሱን አንሣ!» «ኧረ ንጉሥህን!» ይላል፤ የሰንጠረዥ ወጉ ነው፣ አፍ ላለው ሁሉ የተፈቀደ። አባይነህ የተጫዋቾችን ምልክት በኮፍያ ውስጥ አድርጎ አወጣ። የፊታውራሪ ዕጣ ከአው ዐብዱልወሃብ ጋር ወጣ። እንደሻው ከጌታው ጀርባ ቆሞ የጠራዡን ዓይን ፈለገ፤ ሽማግሌው ግን አላዩትም።

ወረራው ተጀመረ። ፊታውራሪ እጃቸውን አወጡና መደቆቻቸውን አንድ በአንድ፣ ተረጋግተው፣ ማሰለፍ ያዙ። የአው ዐብዱልወሃብ ጣቶች ግን እንደ ወፍ ጭራ ተራወጡ። ፊታውራሪ ገና ግራ ጎናቸውን ሲያሳምሩ፣ ዝሆኖቻቸው ከቤታቸው ሳይወጡ፣ የጠራዡ ፈረስ ዘሎ ገብቶ አንዲት መደቅ በላ።

ፊታውራሪ እጃቸው በአየር ላይ እንዳለ ቀረ። «ምነው?» አሉ በቅን ድምፅ። «ገና አልጨረስኩም እኮ።»

ወረራ ጠባቂ እንደሌለው እዚያ ያለ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ቀድሞ የበላ ቀድሞ በላ፤ ሌላውን ጨርሰሃል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ተጫዋች ማን አይቶ ያውቃል? ይህን ሊጠብቅ የሚችለው፣ ሁልጊዜ ሲጠበቅ የኖረ ሰው ብቻ ነው። ከወደ ተማሪዎቹ አንዱ ሳቀና አፉን ያዘ።

ፊታውራሪ ያንን ሳቅ አልሰሙም። ቀስ ብለው ዞሩና እንደሻውን አዩት። ብዙ አላዩትም። ዞረው ወደ ጨርቁ ተመለሱ፤ «ተራው የኔ ነው» አሉ።

ጨዋታው አልረዘመም። መጨረሻ ላይ የአው ዐብዱልወሃብ ዝሆን ንጉሡን ሊገድል ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ አንዲት እርምጃ ብቻ፤ ያማረ፣ የሚጨበጨብለት ግድያ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ዝሆኑ ዘረጉ፤ መለሱት፤ ደሩን አነሡና በእሱ ገደሉ። ግቢው ተንጫጫ። በደር! ለዚያውም ዝሆኑ ቆሞ! ነውር ነው፣ ያሸነፈ መስሎት፣ ይሄ ጠራዥ ዛሬ ምን ነካው እያለ ሰው ሁሉ በአው ዐብዱልወሃብ ላይ ወረደባቸው። በዚያ ሁካታ መካከል ፊታውራሪ ተነሥተው ጋቢያቸውን አጣፉና ወጡ፤ ማንም አልሳቀባቸውም። ሽማግሌው ያን ያደረጉት አውቀው እንደሆነ የገባው እንደሻው ብቻ ነበር።

እቤት ሲደርሱ ፊታውራሪ ከአዳራሹ ሰዉን ሁሉ አስወጡና ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ልጄ ከሞተ ጀምሮ ነው?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«አንድ ቀን እንኳ በራሴ አሸንፌህ አላውቅም?»

እንደሻው አንዲት ቃል ቢዋሽ ይበቃ ነበር። የዛሬው ድንጋጤ ነው፣ ዓይን ነው፣ ስንቱን ጊዜ በሚገባ ጥለውኛል ቢል፣ ሰውየው ማመን ይፈልጉ ነበር፤ ክፍሏም፣ በለጡም፣ የበዓሉም ሥጋ በነበሩበት ይኖሩ ነበር። ነገር ግን እስከዚያ ቀን የዋሻቸው በጣቱ ነው፤ በአፉ ዋሽቷቸው አያውቅም።

«አያውቁም፣ ጌታዬ።»

«አዝነህልኝ ነው?»

«መጀመሪያ አዝኜ ነው።»

«ኋላስ?»

«ኋላ እንጀራዬ ሆነ።»

ፊታውራሪ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቆጣሉ ብሎ ሲጠብቅ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ ደግሞ ሰው አብሮኝ ያለ ይመስለኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ለካ ብቻዬን ነው የምጫወተው።»

እንደሻው መሬት ላይ ወደቀ። ዛሬ በእውነት እንጫወት፣ እጄን አልሰስትም፣ ይፈትኑኝ አለ።

«ካንተ ጋር?» አሉት። «ብታሸንፈኝ በቀል ነው እላለሁ፤ ብትሸነፍ ምጽዋት ነው እላለሁ። አንተ ከእንግዲህ ምን ብትጫወት አላምንህም። ቤቱ ያንተው ነው፣ አላስወጣህም። በሬን ጠብቅ።»

ነገሩ በዚህ አለቀ። ከቤቱ አልተነቀለም፤ በለጡ ለዚህ ተመስገን አለች። ጌታው ግን አላስጠሩትም። ከሰዓት በኋላ ሲሆን እንደሻው እንደ ልማዱ ከአዳራሹ ድምፅ ይጠብቃል፤ ድምፅ የለም። ሳምንታት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ፊታውራሪ በቅሎ አስጫኑ። እንደሻው በሩን ከፈተላቸው፤ ልጓሙንም ያዘላቸው። ወዴት እንደሚሄዱ አልነገሩትም። በማግስቱም ሄዱ፤ በሦስተኛውም ቀን። ወሬው ቶሎ ደረሰ፤ ፊታውራሪ ወልደ ጊዮርጊስ ፈላና በር ከጠራዡ ሱቅ ገብተው፣ ከጫት ቃሚዎቹ መካከል ተቀምጠው፣ ሰንጠረዥ ይጫወታሉ።

ስለዚህ እንደሻው ሁለቱንም አጣ። ጌታው አያስጠሩትም፤ ወደ ፈላናም ማነከስ አልቻለም፣ ጌታው እዚያ ናቸውና። አው ዐብዱልወሃብ ሁለት ጊዜ ሰው ልከውበት ነበር፤ እመጣለሁ አለ፣ አልሄደም። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ሲያንቀሳቅስ በለጡ ታየውና፣ እኔን አስተምረኝና ልጫወትህ ትለዋለች። አንድ ቀን ሞከሩ። ሳያስበው ተሸነፈላት። አወቀችበት፤ ጠጠሮቹን ሰብስባ ወደ ማጀት ገባች።

ከክረምቱ በፊት ከአዲስ አበባ አንድ ባለሥልጣን ወደ ግቢው መጡና ጌታህን ጥራ ተባለ። እንደሻው የድንጋይ መንገዱን ወረደ። ሱቁ ሳይደርስ ጩኸቱን ሰማ፤ የፊታውራሪ ድምፅ ከሁሉ በላይ ነበር። «አንተ ሙጫ! ፈረሴን መልስ፣ አላየሁትም አልኩህ!» «ፊታውራሪ፣ ወላሂ አይመለስም፤ ዓይንዎን ማን ጨፈነዎት?» ሰዉ ይስቃል፤ ግማሹ ለአንዱ፣ ግማሹ ለሌላው ይመክራል።

እንደሻው በደጃፉ ቆመ። ፊታውራሪ ነጠላቸው ወድቆ፣ ላብ ግንባራቸው ላይ ፈስሶ፣ ጨርቁ ላይ ተደፍተዋል። ንጉሣቸው ተከቧል። እንደሻው ግን አንድ ጊዜ ሲያይ ማምለጫውን አየው፤ በቀኝ በኩል አንዲት መደቅ ወደፊት ብትል ሁሉ ይፈታል። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ይጮኻል፣ ማንም የፈለገውን ይላል፣ ወጉ ነው። እሱ አፉን ከፈተ፤ ዘጋው።

ፊታውራሪ ቀና ብለው አዩት። «ምንድነው?»

«እንግዳ መጥቷል፣ ጌታዬ። ከአዲስ አበባ።»

«ይጠብቅ» አሉ፣ ወደ ጨርቁ እየተመለሱ። «እየተሸነፍኩ ነው።»